የተነጠፈው አልጋ

ሰው በስተርጅና የልጆች ፊልም አይቶ ተቆጥቶ ይነሣል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ባለፈው እሑድ ግን ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ዓለም ባንክ ሰፈር ልጄ ቤት ምሳ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ቡና ሳይቀርብ የልጅ ልጄ ሊዲያ ትልቁን ቴሌቪዥን ከፈተችና "እማማ፣ ይሄን አብረን እንይ፤ በጣም ያምራል" አለችኝ። ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት። ጥናት ደክሟት ነበርና እሺ አልኳት።

ገና ሲጀምር ታሪኩን አወቅሁት። አንዲት ልጅ የታመመች እናቷን ለማዳን ከዓለም ጫፍ የማይቀልጥ በረዶ ልታመጣ ትሄዳለች። በረዶው የእናቷን ግንባር ከነካ ትኩሳቱ ይለቃታል ተብሏል። መጀመሪያ መጽሐፍ ነበር፤ እኔ በልጅነቴ የወጣውን ፊልም አይቻለሁ፤ ይህኛው እንደገና የተሠራ ነው። ልጅቷ እፍኟን ጨብጣ ወደ ቤቷ ስትቃረብ ተነሥቼ ወጥ ቤት ገባሁና የታጠበ ሰሃን እንደገና ማጠብ ጀመርሁ። ልጄ ምን ሆንሽ ብትለኝ፣ ምንም አልኳት።

የመጀመሪያውን ፊልም ባየሁበት ጊዜ የምኖረው ኮልፌ፣ ከእናቴ ታላቅ እህት ከእትዬ አስካለ ዘንድ ነበር። ወላጆቼ ወልቂጤ ነበሩ፤ አባቴ ልጄ በደንብ ትማር ብሎ ላከኝ። እትዬ አስካለና ባሏ ጋሽ ወልዴ ከመንገዱ ዳር ጨው፣ ላምባና ሳሙና የሚሸጡባት ሱቅ ነበረቻቸው። ዘመኑ የጃንሆይ መጨረሻ ነው፤ መጨረሻ መሆኑን ግን ያኔ ማን ያውቃል። ኮልፌ ዛሬ እንደሚታየው በቤት የተጠቀጠቀ አልነበረም። ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ባሕር ዛፍ ነበር። በክረምት ጭቃው ጫማ ያስቀራል፤ በበጋ ደግሞ አቧራው ተጠቅልሎ የተያዘ ዳቦ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ምሳችንን ጥርሳችን እየተንቋቋ ነበር የምንበላው።

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን መምህር ደጀኔ ይባላሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ኮታቸው ሁልጊዜ የጠመኔ ዱቄት የለበሰ ሰው ነበሩ። ዓርብ ዓርብ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ያን መጽሐፍ ይዘው ይገቡና ገጹን ለራሳቸው አንብበው ቀና ይላሉ፤ ከዚያ በአማርኛ ይነግሩናል። በመጽሐፉ ውስጥ ልጅቷ የምትጓዘው በምን እንደሆነ እንጃ፤ በእሳቸው አፍ ግን በምትናገር ዳማ በቅሎ ነበር። በቅሎዋ ስትናደድ የኮልፌ ገበያ ቅቤ ነጋዴዎችን የምታስንቅ ተሳዳቢ ናት። ዓርብ ከክፍላችን የሚቀር ተማሪ አልነበረም።

በጥቅምት እናቴ ለሕክምና መጣች። ሳንባዋ ነው አሉ። ሆስፒታል እየተመላለሰች እትዬ ቤት ጓዳ ውስጥ በተዘረጋላት አልጋ ተኛች። እኔም ዓርብ ማታ፣ በክፍል የሰማሁትን ሁሉ ይዤ ከእግርጌዋ እቀመጣለሁ። የጨውን ባሕር፣ ነፋስ የሚሸጡትን ነጋዴዎች፣ ሁሉንም ነገርኳት። እትዬም ሽንኩርቷን እየላጠች ከበሩ ትሰማለች። እናቴ ግን ከሁሉ የምትወደው በቅሎዋን ነበር። "ዛሬስ ምን ብላ ተሳደበች?" ትለኛለች። ስነግራት እስኪያስላት ትስቃለች፤ ሲያስላት እደነግጣለሁ፤ እሷ ግን በእጇ ቀጥዪ ትለኛለች። የገና በዓል ሳይደርስ ቤቴ ናፈቀኝ ብላ ወደ ወልቂጤ ልትመለስ ሆነ። የተሻላት መስሎኝ ነበር። ታሪኩ ገና አላለቀም፤ ልጅቷ በረዶውን አግኝታ መመለስ ጀምራለች።

"መጨረሻውን ለክረምት አቆዪልኝ" አለችኝ እናቴ መኪናው ውስጥ ሆና።

ጥምቀት ሳይደርስ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሱቁ ተዘግቷል። የጋሽ ወልዴ አክስት ሞተው እትዬ ወደ አገር ሄዳለች ተባልሁ። ስትመለስ ፊቷ ተቧጭሯል፣ ፀጉሯን ተቆርጣ በጥቁር ሻሽ አስራለች። ለባሏ አክስት ይህን ያህል ማዘኗ ገርሞኝ ነበር። ትልልቅ ሰዎች ሲያደርጉ እንዳየሁት አጠገቧ ቁጭ ብዬ "እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እትዬ" አልኳት። አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። ጎረቤቶች ንፍሮ ይዘው መጡ፤ ርቦኝ ስለነበር ደጋግሜ ዘገንሁ። ጥቂት ቆይቼ እማዬ እንዴት ናት ብዬ ጠየቅኋት። የፋኖሱን ብርጭቆ እየወለወለች "ደህና ናት" አለችኝ፤ ዓይኔን አላየችም።

ጾም ሳይገባ ደግሞ የሟቿ አርባ ነው ተብሎ ተደገሰ። ካህናቱ ሲጸልዩ ወለተ ሚካኤል፣ ወለተ ሚካኤል ሲሉ ሰማሁ። የክርስትና ስም ማን ያውቃል? የእኔ እናት ውድነሽ ናት። ካህናቱን እጅ አስታጠብሁ፣ ለጎረቤት ልጆች እንጀራ አደልሁ፣ ራሴም ከበጉ ወጥ ጠግቤ በላሁ። ወጡ ጣፍጦኝ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ይህን ማስታወሴን እጠላዋለሁ።

በመጋቢት አንድ ዓርብ መምህር ደጀኔ ታሪኩን ጨረሱት። የዚያን ቀን መጽሐፉን አልገለጡትም፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው እጃቸውን ጫኑበት። ልጅቷ ደረሰች አሉ፤ በረዶውን ከእናቷ ግንባር ላይ አደረገች፤ እናትየዋም ተነሥታ ተቀመጠችና "ራበኝ" አለች። እኔ አጨበጨብሁ። ሌሎቹም ትንሽ ቆይተው አጨበጨቡ፤ ጭብጨባው ግን ቀዝቃዛ ነበር። እኔ የማስበው እናቴ ያን "ራበኝ" ስትሰማ እንዴት እንደምትስቅ ነበር።

ግንቦት ላይ ፊልሙ ፒያሳ ካሉት ሲኒማ ቤቶች ባንዱ መጣ። ስምንተኛ ክፍሎች ከፈተናው በፊት ልባቸው ይታደስ ተብሎ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልንወሰድ ሆነ። መምህር ደጀኔ እኔን ለብቻዬ ጠርተው "አንቺ ብትቀሪ ይሻላል፤ ሒሳብ ላይ ደከም ብለሻል" አሉኝ። ከክፍሉ በሒሳብ የሚበልጠኝ አልነበረም። ቤት ገብቼ አኮረፍሁ፣ ራት አልበላም አልሁ። ለእናቴ መጨረሻውን በመስማት ብቻ ሳይሆን በዓይኔ አይቼ ልነግራት ቆርጬ ነበርና፣ መቅረት የማይታሰብ ነገር ሆነብኝ። በማግስቱ እትዬ ነጠላዋን አጣፍታ ትምህርት ቤት ሄደችልኝ። በሩ ላይ ሲነጋገሩ ከሩቅ አየኋቸው፤ እሳቸው ግንባራቸውን ይዘው መሬት መሬት ያያሉ። ምን እንደተባባሉ የነገረችኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ፊልሙ ለዚህች ልጅ አይሆንም ቢሏት "የፈረንጅ ተረት ምን ያደርጋታል? ደግሞ እናትየዋ ትድን የለ" አለቻቸው። እሷም መጨረሻውን የሰማችው ከእኔ ነበር።

ሲኒማ ቤቱ ቀይ መጋረጃ ነበረው። በጋዜጣ የተጠቀለለ ኦቾሎኒ ይዘን ከጓደኛዬ ከየሺ ጎን ተቀመጥሁ። ብሔራዊው መዝሙር ሲመታ ተነሥተን ቆምን፣ ተቀመጥን፣ መብራት ጠፋ። በመጀመሪያ የተናደድሁት በበቅሎዋ ነው፤ ነጭ ፈረስ አድርገዋታል፣ ያውም አንድ ቃል የማትናገር። ታሪኩን አበላሹት እያልሁ ለየሺ አንሾካሾክሁ። እንግሊዝኛው አይገባንም፤ ግን ምን ቸገረን፣ መንገዱን ሁሉ እናውቀዋለን። ባሕሩን ተሻገረች፣ በረዶውን አገኘች፣ ተመለሰች። የቤቷን በር በትከሻዋ ገፍታ ገባች።

አልጋው ተነጥፎ ነበር። አንሶላው ተወጥሯል፣ ብርድ ልብሱ እግርጌው ላይ ተጣጥፏል፣ ትራሱ ላይ የሰው ራስ ምልክት የለም። ልጅቷ እጇን ከፈተች። በረዶው አልቀለጠም፤ ሙሉውን እፍኝ ይዛ ቆማለች።

ይህንንም እንደ በቅሎዋ ለወጡት ብዬ ወደ የሺ ዞር አልሁ። "ውሸት ነው፤ እናትየዋ እኮ ትድናለች" አልኳት።

የሺ ፊልሙን አታይም ነበር። የምታየው እኔን ነው፤ የሹራቧን እጅጌ ነክሳ ታለቅሳለች። ከእሷ ወዲያ ያለችውም እኔን ታያለች። ከፊታችን ያሉት ሁለት ልጆች ዞረው ያዩኛል። ከረድፉ ጫፍ መምህር ደጀኔ በፊልሙ ብርሃን ፊታቸው ነጥቶ ያዩኛል። በዚያ አዳራሽ የኛ ክፍል በሙሉ የሚያየው ፊልም እኔ ነበርሁ። ያን ጊዜ ያልተገለጠው መጽሐፍ፣ የእትዬ የተቧጨረ ፊት፣ ንፍሮው፣ ወለተ ሚካኤል፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። ኦቾሎኒው ከእጄ አልወደቀም፤ እንደያዝሁት ቀረሁ።

ስንወጣ ያካፋ ነበር። መምህር ደጀኔ ወደ አውቶቡሱ ስንሄድ አጠገቤ መጡና ፊልም እኮ ነው አሉኝ።

"መጽሐፉስ እንዴት ነው የሚያልቀው?" አልኳቸው።

"እንደ ፊልሙ ነው" አሉኝ። እውነቱን ስለነገሩኝ አንድ ቀን አመሰግናቸው ይሆናል ብዬ አስብ ነበር፤ ሳላመሰግናቸው ሞቱ።

ቤት ስደርስ እትዬ ሱቁ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ፊልሙ እንዴት ነበር አለችኝ፤ ጥሩ ነበር አልኳት። "እናትየዋስ?" አለች።

"ዳነች" አልኳት።

"እሰይ" ብላ ወደ ጓዳ ገባች፤ ሳትወጣ ብዙ ቆየች። ጓዳው ውስጥ እናቴ የተኛችበት አልጋ ነበር፤ እሱም ተነጥፎ ነው የከረመው። ለምን ዝም አልሽ የሚለኝ ሰው አለ። ቁጣ ነው። ዋሽታችሁኛል፣ እንግዲያው እስከ መጨረሻው ዋሹ፣ መልፋታችሁን ልይ አልሁ። እሷ ጠዋት ጠዋት እንቁላል እየጠበሰች ለፈተና ታበረታኛለች፤ እኔ እናቴ ሰላም ብላለች ወይ እያልሁ እጠይቃታለሁ። ሰላም ብላሻለች ትለኛለች። እሷም እህቷን ነው የቀበረችው፤ ይህን ያኔ አላሰብሁትም፣ ላስበውም አልፈለግሁም። ሌሊት ትራሴን ነክሼ እተኛለሁ እንጂ ድምፅ አላሰማሁም።

ፈተናው ባለቀ ማግስት ሊነጋጋ ሲል የሰዎች እግር ድምፅ ሰማሁ። መርዶ ነጋሪ ነው። ልጅ ስትማር መርዶ አይነገራትም፣ ፈተናዋን ትጨርስ ተብሎ ተመክሮ ነበር፤ ምክሩም የአባቴ ነው። ልብሴን ለብሼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። አባቴ ጥቁር ለብሶ፣ ጋሽ ወልዴ፣ የዕድሩ ዳኛ፣ ቄሱ፣ በኋላቸውም ሴቶች ገቡ። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ሁላችንም የአፈር ነን፣ እናትሽ ብዙ ታማ ነበር እያሉ ከሩቅ ጀመሩ።

"አውቃለሁ" አልኳቸው።

ለመጮህ አፏን የከፈተች አንዲት ሴት ጩኸቷን ዋጠችው። እትዬ "ከመቼ ጀምሮ?" አለችኝ። የፊልሙ ቀን አልኳት። መሬት ላይ ቁጭ አለች። አባቴ ሊያቅፈኝ መጣ፤ እንደ እንጨት ሆንሁበት። ሴቶቹ እንዳለቅስ ጠበቁ፣ እኔ እንባ አልመጣልኝም። እንባ ጊዜ አለው፤ የእኔን ጊዜ ንፍሮ ስበላበት አሳልፈውብኛል። ልበ ደረቅ ናት ተብዬ በሰፈሩ ተወራ።

ውጤቱ ሲመጣ በጥሩ ማዕረግ አልፌያለሁ። ብወድቅ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግልጹን ልናገር፣ ልወድቅ ፈልጌ ነበር፣ እጄ ግን መልሱን ያውቀዋል። አባቴ ካርዱን ደጋግሞ አይቶ፣ ደግ አደረግን አለ። ሁሉም እንደዚያው አሉ። የሚያናድደኝ ደግነታቸው ነው። ክፉዎች ቢሆኑ ኖሮ ጠልቼ እገላገል ነበር።

እሑድ ዕለት ሰሃኑን እያጠብሁ ሊዲያ ስታጨበጭብ ሰማሁ። ወደ ሳሎን ስመለስ የመጨረሻው ጽሑፍ ይወርዳል። እናትየዋ ዳነች ወይ አልኳት። ዳነች፣ ተነሥታ አቀፈቻት አለችኝ ዓይኗን እየጠረገች። አዲሶቹ ሠሪዎች መጨረሻውን ለውጠውታል። እንግዲህ ዓለም ሁሉ እንደ መምህር ደጀኔ ሆነ አልሁ በልቤ።

ስወጣ ልጄን በሩ ላይ ለብቻዋ ያዝኋት። የእኔ ቀን ሲደርስ ለዚህች ልጅ በዚያው ዕለት ንገሪያት፤ ፈተና ይሁን፣ ሌላም ይሁን፣ መጥታ አፈር ታልብሰኝ አልኳት። ልጄ ነጠላዬን ከትከሻዬ ላይ እያስተካከለች "እሺ እማዬ" አለችኝ። ጥለቱን ታያለች፣ ጫፉን ታያለች፣ ዓይኔን አላየችም።