ስለ ሆፒዎች ጂቡቲ ላይ ሳስተምር

ሥራ የጀመርኩ ቀን የለበስኩት ነጭ ሸሚዝ ገና የጠዋቱ ደውል ሳይደወል ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነበር። ትምህርት ቤቱ ሄሮን በሚባለው የጂቡቲ ሰፈር፣ ባሕሩ አጠገብ ነው። በእንግሊዝኛ የሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት ስለሆነ የዲፕሎማትና የነጋዴ ልጅ ይበዛበታል። ርዕሰ መምህርቷ ማዳም ሲልቪ አራተኛ ክፍልን አስረከበችኝና ከአሜሪካ የመጣ የመማሪያ መጽሐፍ ካርቶን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

"መጽሐፉን ተከተይ፤ ከራስሽ ምንም አትጨምሪ" አለችኝ።

አባቴ ከድሬዳዋ በባቡር መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። እኔም ካርቲዬ ሁለት የሚባለው ሰፈር ተወልጄ አደግሁ። ስለ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች የማውቀው ፊልም ላይ ሲተኮስባቸው ብቻ ነበር።

ከካርቶኑ ውስጥ የሆፒዎች ምዕራፍ ወጣ። አሪዞና በሚባል ደረቅ አገር፣ ድንጋያማ አምባ ላይ የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው። በቆሎ ሲዘሩ እርጥበቱ እስኪገኝ ድረስ አፈሩን በእንጨት ቆፍረው ነው። ቤቱ የሴቷ ነው፤ ልጅም የሚቆጠረው ከእናቱ ጎሳ ነው። ወንዶቹ ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ በየዓመቱ ይንጫጩ ነበር።

ምዕራፉን ሁልጊዜ በውሃ ነበር የምጀምረው። ሥዕል ካስቀደማችሁ ልጁ ላባውን አይቶ ይስቃል፤ ሌላው አይገባውም። በቲማቲም ጣሳ አሸዋ ሞልተን በቆሎ እንዘራለን። ቶሎ ይብቀልልኝ ብሎ ከላይ የዘራው ይደርቅበታል። የጂቡቲ ልጅ ለዚህ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከዚያ ካቺናዎች ይመጣሉ። ሆፒዎች ዝናብ ያመጡልናል የሚሏቸው መናፍስት ናቸው፤ የዓመቱን ግማሽ ከሰው ጋር ቆይተው ወደ ተራራቸው ይመለሳሉ ይላሉ። በበዓል እነሱን መስለው ሲጨፍሩ የሚያጠልቁት ጭምብል ቅዱስ ነው። ሽማግሌዎቹ ሌላ ሰው እንዳይሠራው ለምነዋል፤ የመምህሩ መምሪያም "ልጆችን ጭምብል አታሠሩ" ይላል። ይህን ለልጆቹ ቃል በቃል አነብላቸዋለሁ።

"ታዲያ እኛ ምን እንሥራ?" አለኝ አንዱ።

"ማክበር።"

"ማክበር ሥራ ነው እንዴ?"

እስከ ዛሬ ከተጠየቅኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ከባዱ እሱ ነው።

ካዲጋ በነጻ ከሚማሩት ጥቂት ልጆች አንዷ ነበረች። አፋር ናት። እናቷ አሻ ከከተማው ዳር፣ ፔካ 12 ላይ ከኢትዮጵያ ለሚመጡ የከባድ መኪና ሾፌሮች ሻይ ትሸጣለች፤ አማርኛውንም የለመደችው ከእነሱ ነው። ትምህርት ቤቱ እንግዳ በመጣ ቁጥር እነዚህን ልጆች ከፊት አሰልፎ ፎቶ ያስነሳ ነበር።

አንድ ቀን የሆፒ ሽማግሌዎች በብርዱ ወራት ታሪካቸውን እንደሚነግሩ ሳስረዳ ካዲጋ እጇን አወጣች። "እኛ ጋ ዳጉ አለ" አለች። "ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ተቀምጦ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ይነግራል። የሰማ ሰው ለሌላው ማድረስ አለበት። የጨመረም የደበቀም ነውረኛ ነው።" ክፍሉ ጸጥ ብሎ ሰማት። መምህርነቴን የወደድኩበት ቀን ነበር።

በዚያው ዓመት ማዳም ሲልቪ ለወላጆች በዓል የሆፒ ጭፈራ ካላሳየን አለች፤ ጭምብልና ላባ ያለበት።

"ማዳም፣ መምሪያው ይከለክላል" አልኳት።

"መምሪያው አሜሪካ ነው። ወላጅ ደግሞ ጣሳ ውስጥ የበቀለ በቆሎ ለማየት አይመጣም።"

"እኛ ታቦት አለን። ልጆች ካርቶን ተሸክመው ታቦት ነው ብለው መድረክ ላይ ቢጨፍሩበት ያመኛል። የእናንተስ ቁርባን ቢሆን?"

"ጽጌ፣ አዳራሹ ውስጥ አንድም ሆፒ አይኖርም።"

ያ መልስ ዛሬም ያንገበግበኛል። ሰው የሚከበረው ሲያየን ብቻ ነው ማለት ነው።

እምቢ አልኩ። ሥራው ለሥዕል መምህሩ ለዳንኤል ተሰጠ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ኮንትራቱ ሊያልቅ ስለነበር አልተከራከረም። ካርቶን ቆርጦ፣ የዶሮ ላባ ለጥፎ ጭምብሎቹን አሳመራቸው። ልጆቹም ተሻምተው ወሰዱ። ካዲጋም የድርሻዋን ስትወስድ አየሁና ነገሩ አበቃ ብዬ ተውኩት።

በበዓሉ ቀን ወላጆች ስልካቸውን ደቅነው ተቀመጡ። ከበሮ ተመታ፤ ልጆቹ መዝለል ጀመሩ። ካዲጋ ጭምብሉን በእጇ እንደያዘች ወደ መድረኩ ጠርዝ መጣችና በፈረንሳይኛ ተናገረች።

"የዚህ ጭምብል ባለቤቶች 'አትሥሩት' ብለዋል። ሚስ ጽጌ አንብባልናለች። እኔ የሰማሁትን ነው የነገርኳችሁ፤ ምንም አልጨመርኩም።"

ጭምብሉን መሬት አስቀምጣ ወደ ሰልፏ ተመለሰች። ልቤ በደስታ ዘለለ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። ወላጆቹ የትርዒቱ ክፍል መስሏቸው አጨበጨቡ። ማዳም ሲልቪም ፈገግ ብላ አጨበጨበች።

በሳምንቱ አሻ ተጠራች። ፈረንሳይኛ ስለማትችል አስተርጓሚዋ እኔው ሆንኩ። ማዳም ሲልቪ፣ ነጻ ቦታ የሚሰጠው ሥርዓት ላለው ልጅ እንደሆነና ካዲጋን በመጪው ዓመት እንደማትቀበላት ተናገረች።

"ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ እኔን ይቅጡ" አልኩ።

"የአንቺ ለብቻው ነው። አሁን የነገርኩሽን ንገሪያት።"

ነገርኳት። አሻ ሁለታችንንም አየችን።

"ልጄ ምን አጠፋች?"

"ያስተማርኳትን ተናገረች።"

"ታዲያ ልትማር አይደል እንዴ የላክኋት?"

ይህንንም ተረጎምኩ። ማዳም ሲልቪ ተነስታ በሩን ከፈተችልን።

ግቢው ውስጥ አሻ እጄን ያዘች። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"እህቴ፣ አንቺ ጥሩ ሰው ነሽ" አለችኝ። "ልጄን ግን ጥሩ ሰው አልጠቀማትም።"

ካዲጋ ሰፈሯ አካባቢ፣ ተማሪ ከወንበሩ በላይ የሆነበት ትምህርት ቤት ገባች። እኔ ቤተ መጻሕፍት ተመደብኩና እስከ ጡረታዬ መጽሐፍ ስሸፍን ቆየሁ። አራተኛ ክፍልን ሌላ ሰው ያዘው። የጭምብሉ ጭፈራ በየዓመቱ ይደገማል፤ ፎቶው መግቢያው ላይ ተሰቅሎ ከሥሩ "ባህሎችን እናከብራለን" ይላል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እዚያ ግቢ ውስጥ ግን እውነት እያደር ተረሳ።

ይህን ሙያ አሁን ለምትጀምሩ የምነግራችሁ ይህን ብቻ ነው። ልጆችን "አክብሩ" ብላችሁ ስታስተምሩ፣ ከመካከላቸው አንዷ የምሯን ትሰማችኋለች። ዋጋውን የምትከፍለው እሷ ናት፤ መምህሯ አይደለችም።