ቮዳ፣ ቫተርና የእናቴ ጋቢ

ከአምበር የወጣንበት ምሽት ጨረቃ እንኳ አልነበረም። ባሌ ጫካ ከገባ ሰንብቷል። ጣሊያን የአርበኛ ቤት እየለየ ማቃጠል ሲጀምር «ልጅቱን ይዘሽ ሱዳን ግቢ» ብሎ ላከብኝ። እናቴ ራሷ የፈተለችውን ጋቢ አምጥታ፣ ገና ጡት ያልጣለችውን ልጄን ጥሩነሽን ጀርባዬ ላይ ጠቀለለችልኝና፣ «ይህን ከላይዋ እንዳታወርጂ! በረሃ ክፉ ነው፣ ምች ይመታታል» አለችኝ። እሷ አላለቀሰችም። እኔ ግን አምበር ከዓይኔ እስኪጠፋ አለቀስሁ፤ በዚያ ጨለማ ደግሞ ለመጥፋት ጊዜ አልወሰደበትም።

በአቸፈር አድርገን ወደ ቋራ በረሃ ወረድን። ድንበር ስንደርስ አንድ እንግሊዛዊ ሹም በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

«ለምን መጣሽ?»

«ጣሊያን መጣብን።»

«መቼ ትመለሻለሽ?»

«ጣሊያን ሲመለስ።»

«እሱስ መቼ ይመለሳል?»

«እኔ ምን አውቄ ጌታዬ! የአገርዎ ጎረቤት ነው፤ እርስዎ ይሻላሉ።»

አስተርጓሚው ሳቁን ዋጥ አድርጎ ምን ብሎ እንደነገረው አላውቅም፤ ብቻ እለፊ ተባልሁ።

ገዳሪፍ ገባን። እናንተ አገር ቤት ያላችሁ ማለዳ ፀሐይ ለመሞቅ ግድግዳ ሥር ትቀመጣላችሁ፤ እዚህ ሰው ከፀሐይ ይሸሻል። ኪስራ የሚሉት እንጀራ አላቸው፣ የማሽላ ነው፤ ስስ፣ ዓይን የሌለው ነገር። ቢሆንም ሳያውቁን አብልተውናልና እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ክረምቱ ሲወጣ ልጄን ወባ ያዛት። ሰውነቷ እንደ ምጣድ ሲግል ይዣት ሐኪም ቤት ሮጥሁ። ሐኪሙ ገና ሲያያት ጋቢውን ገለጠ። ዘወር ሲል መልሼ አለበስኋት። ደግሞ ገለጠ። ደግሜ አለበስኋት። እሱ በቋንቋው ይቆጣል፣ እኔ በቋንቋዬ «ልጄን ምች ሊያስመቱብኝ ነው!» እላለሁ። እሱ ትኩሳቱ ይገድላታል ማለቱ ነበር፤ ያን ጊዜ ማን ነግሮኝ። መርፌውንም ኪኒኑንም ሰጥቷታል፤ እሳቱ ግን አልወርድ አለ። ልጄ ማልቀስ አቆመች። ከልቅሶዋ ይልቅ ዝም ማለቷ አስፈራኝ።

ይህን ጊዜ በሽተኛ የሚያመላልስበትን ካሚዮን ግቢ ውስጥ ያቆመ ፒት የሚባል ወታደር ጩኸታችንን ሰምቶ መጣ። እሱም አንድ ነገር አለ። ፈረንጅ ሁሉ አንድ ቋንቋ ያለው ይመስለኝ ነበር፤ በዚያ ጭንቅ መሃል እንኳ የሁለቱ አፍ እንደማይገናኝ ጆሮዬ ለየው። ሐኪሙ ሲናገር ሳድስ በሳድስ ላይ ይደራርባል፤ ትንፋሽ የት እንደሚወስድ እንጃ። ፒት ደግሞ አጥንት እንደተሰነቀረበት ሰው ኽ፣ ኽ ይላል።

ፒት እጄን ይዞ ወደ ካሚዮኑ ወሰደኝ። ከፊት ለፊቱ ውሃ የተሞላ የሸራ ከረጢት ተንጠልጥሏል፤ ሸራው ከውጭ ረጥቧል። መዳፌን ለጠፈበት። በዚያ ሐሩር ውስጥ እንደ አገሬ የምንጭ ውሃ ቀዘቀዘኝ! «ቫተር» አለ ከረጢቱን እየነካ። ቀጥሎ ጣቱን ወደ ጋቢው፣ ከዚያም ወደ ልጄ ቀሰረ።

ገባኝ። ሮጬ ጋቢውን ባልዲ ውስጥ ነከርሁት። ስጨምቀው ሐኪሙ አየኝና ንዴቱ ጥፍት አለ፤ ሌላውን ጫፍ ይዞ አብሮኝ ጨመቀ። ልጄን በእርጥቡ ጋቢ ጠቀለልኋት፤ ሲደርቅ ነከርሁ፣ ሲደርቅ ነከርሁ። ሊነጋጋ ሲል ጡቴን ፈለገች። ተመስገን! የሰው አገር ግቢ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ እልል አልሁ።

ኋላ እዚያው ልብስ አጣቢ ሆኜ ቀረሁና ሰዎቹንም ቋንቋቸውንም አወቅሁ። ሐኪሙ ቼክ ነው፤ እሱም አገሩን ጀርመን ወስዶበት እንደ እኔው የተሰደደ። ፒት ከደቡብ አፍሪካ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣ የገበሬ ልጅ ነው፤ ቋንቋው አፍሪካንስ ይባላል። ሐኪሙ የሚጠላውን የጀርመንን ቋንቋ ያውቃል፤ የፒት ቋንቋ የዚያ ዘመድ ስለሆነ በእሱ ይግባባሉ። በጠላቱ ቋንቋ ከወዳጁ ጋር ሲያወራ የሐኪሙ ፊት ኮምጣጣ ነገር እንደቀመሰ ሰው ነው።

ቼኮች አንገትን «ክርክ»፣ ጣትን «ፕርስት» ይላሉ፤ እስኪ እናንተ ሞክሩት! ግን ለሕፃን ሲናገሩ ቃሉ ይለሰልሳል፤ ውሃ «ቮዳ» ነው፣ ለጥሩነሽ ሲሆን «ቮዲችካ» ይሆናል፣ እኛ ልጅዬ፣ እናትዬ እንደምንለው። የፒት ቋንቋም ማቆላመጫ አለው፤ ይልቅ የሚገርመኝ መደጋገሙ ነው፤ እኛ ቶሎ ቶሎ እንደምንለው እነሱ «ኾው ኾው» ይላሉ። ታላላቆቹንም ዘመዱ ባይሆኑ እንኳ በስማቸው አይጠራም፤ ሐኪሙን «ኦም» ይለዋል፣ አጎቴ ማለት ነው። ቼኮች ደግሞ ልክ እንደ እኛ እርስዎ አላቸው። ሐኪሙ በባዶ እግሬ የመጣሁትን ስደተኛ፣ ያኔ ስለ ጋቢው ሲቆጣኝ እንኳ፣ እርስዎ እያለ እንደ ነበር ኋላ ራሱ ነገረኝ። ይህን ስሰማ ደስታም ሐፍረትም ያዘኝ። የልጄ ስም ላይ ሲደርሱ ግን ሁለቱም እኩል ናቸው፤ ጥ አትወጣላቸውም፣ «ትሩነሽ» ይሏታል።

ልጄ አሁን ትሮጣለች። ውሃ ሲጠማት ሐኪሙን ቮዳ፣ ፒትን ቫተር፣ እኔን ውሃ ትለኛለች። ለሁለቱም ዕድሜ ይስጥልኝ። ውሃ በሦስት ቋንቋ የምትለምን ልጅ ግን አያቷን በአንዱም ጠርታ አታውቅም፤ ይህ ይቆጨኛል።

ይህን ጽሑፍ ወደ ጎጃም የሚሻገር መልእክተኛ ይዞት ይሄዳል። ቤታችን ይቁም ይቃጠል፣ እናቴ ትኑር አትኑር አላውቅም። ካለች አንብቡላት። እማዬ፣ ጋቢውን ከላይዋ አላወረድሁም፤ በውሃ ግን ነክሬዋለሁ። መልእክተኛው ሲመለስ «ምን ሆነሽ ነው ያረጠብሽው፣ አንቺ እብድ!» ብለሽ ተቆጥተሻል ብሎ ቢነግረኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።