የኦብዱሊያ የሐሙስ ድስት

የምሠራው ባሕሩ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ነው፤ አልጋ አነጥፋለሁ። ፎጣ ስቀይር እንግዶቹ ያገኙኝና «ጥሩ ምግብ የት እንብላ?» ይሉኛል። ድሮ መልሴ አንድ ነበር። «ሐሙስን ጠብቁ፣ ከዚያ ዳገቱን ውጡና የኦብዱሊያ ቤት የቱ ነው ብላችሁ ጠይቁ።» ይስቃሉ። አብዛኞቹ ረቡዕ ይሄዳሉ። አካፑልኮ መጥቶ ሐሙስ ሳይደርስ የሚመለስ ሰው አገሩ ገብቶ ምን በላሁ እንደሚል አላውቅም።

ኦብዱሊያ አበልጄ ናት፤ ትልቋን ልጄን ክርስትና ያነሳችልኝ እሷ ናት። አጭር፣ ሰፊ፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት። ባሏ ወደ ሰሜን ለሥራ ብሎ ወጥቶ በዚያው ሲቀር የሽማግሌውን የዶን ፊደንሲዮን ቤት ምድር ቤቱን ተከራየች። ከፊት ለፊት ጠረጴዛዎች ደረደረች፣ ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል አልጋዋን ዘረጋች። ከዚያ ወዲያ ኑሮዋ አንድ ድስት ነበር፤ የሐሙስ ፖሶሌ፣ የበቆሎና የአሳማ ሥጋ ሾርባ።

ረቡዕ ረቡዕ ከሥራ ስወጣ ወደ እሷ እሄዳለሁ። ትልልቁ ነጭ በቆሎ ቅርፊቱ እንዲለቅ በኖራ ውኃ ተቀቅሎና ታጥቦ በሳፋ ይጠብቀኛል። ፊት ለፊት ተቀምጠን የእያንዳንዱን ፍሬ ጫፍ በጥፍራችን እንነቅላለን። ጫፉ ያልተነቀለ በቆሎ እሳት ላይ ቢውልም አይፈካም። ከዚያ ከአሳማው ሥጋ ጋር ይጣዳል፤ ሲፈካ የተፈጨ የዱባ ፍሬ ይገባበትና መረቁ አረንጓዴ ይሆናል። ጨው መጨረሻ ላይ ነው። ቀድሞ የገባ እንደሆነ በቆሎው እንደ ጠጠር ይቀራል።

«አበልጄ፣ ዛሬ ፊትሽ ጠቁሯል። ማን አናደደሽ?» ትለኛለች።

«አንዱ እንግዳ የባሕሩን አሸዋ በሙሉ አልጋው ላይ አራገፈው።»

«እንግዲያው ከድስቴ ራቂልኝ። የተናደደ ሰው አጠገቡ ካለ በቆሎ አይፈካም። ሂጂ ሽንኩርት ክተፊ፤ እዚያ ብታለቅሺም የሚታዘብሽ የለም።»

ሐሙስ የኔ ዕረፍት ነው፤ ቀትር ላይ መንገዱ ይሞላል። የባንክ ሠራተኞች ክራባታቸውን አላልተው፣ ነርሶች ነጭ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ሹፌሮች መኪናቸውን የሰው በር ላይ አቁመው ይመጣሉ። በዚህ ከተማ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ሄዶ ጉዳዩን የሚያስጨርስ ሰው የለም፤ ሁሉም ፖሶሌ ላይ ነው። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚቀመጠው ቾን የሚባል ታክሲ ነጂ ነበር። አቮካዶውንና የተጠበሰውን የአሳማ ቆዳ በላዩ ላይ ቆልሎ፣ ሎሚውን ጨምቆ፣ ማንኪያውን ሳያነሳ ይጀምራታል።

«ዶኛ ኦብዱሊያ፣ ዛሬ ሥጋውን ረስተውታል እንዴ? ሳህኔ ውስጥ እኮ ዋና ላይ ነኝ።»

«አንተ ዋና ከቻልክ አሳማም ይበራል። ብላና ለሚቀጥለው ወንበሩን ልቀቅ።»

ቤቱ በሙሉ ይስቃል። ቾን ግን ወንበሩን አይለቅም፤ ሁለተኛ ሳህን ያዛል።

አንድ ዓመት ከባድ አውሎ ነፋስ መጥቶ የሆቴሎቹን መስታወት ሁሉ አረገፈው፣ የኛንም ቆርቆሮ ወሰደው። ሆቴሎቹ ቆይተው መስታወታቸውን መለሱ። የሰፈራችን ሰው ግን ግማሹ ተመልሶ አልመጣም። የመጣውም ሐሙስን ቢወድ እንኳ እንደ ድሮው ሁለተኛ ሳህን አያዝም። ብዙ ሳይቆይ ዶን ፊደንሲዮ ሞቱ፤ ልጃቸው ኤፍሬን ከዋና ከተማው መጥቶ ቤቱን ተረከበ። ክፉ ልጅ አይደለም። ጠረጴዛው ላይ ባርኔጣውን አስቀምጦ በትሕትና ነው የነገራት።

«ዶኛ፣ በሳምንት አንድ ቀን የሚከፈት ቤት ምግብ ቤት አይባልም።»

«ታዲያ ምን ይባላል?»

«ድግስ።»

«ድግስ ደግሞ ምን ክፋት አለው?»

«ቤት አያቆምም። ወይ በየቀኑ ይክፈቱ፣ ወይ ለሌላ ልስጠው። ጎብኚው ሐሙስ ነው ማክሰኞ ነው አይልም። በራበው ቀን ይበላል።»

«ማክሰኞ ፖሶሌ ማን ይበላል ልጄ?»

«ያልለመደ ሰው ይበላል።»

በሚቀጥለው ረቡዕ ስትነግረኝ ጣቶቿ ከበቆሎው ላይ አልተነሱም። «እምቢ ብዬ የት እገባለሁ? ቤቱ ከሄደ አልጋዬም አብሮ ይሄዳል። በዚህ ጉልበት ሌላ ዳገት አልወጣም» አለችኝ። ወደ እኔ ነይ እንዳልላት የኔ ቤት አንድ ክፍል ነው፣ ውስጡ ደግሞ ሦስት ልጆች።

በሩ ላይ ሰሌዳ ተሰቀለ፤ «ፖሶሌ በየቀኑ» ይላል። እኔም ሆቴሉ ውስጥ ለጠየቀኝ ሁሉ ማክሰኞም ብትሄዱ፣ ቅዳሜም ብትሄዱ እያልኩ ዳገቱን አሳየሁ። ጥቂቶች ወጡ። አንዷ ያለ አሳማ ይሠራልኝ አለች። አንዱ ሳህኑን ከላይም ከጎንም ፎቶ ሲያነሳ መረቁ በረደበትና ትቶት ሄደ። ሁለት ሽማግሌዎች ጥርግ አድርገው በሉ፤ ኦብዱሊያ ስለ እነሱ ሳምንት ሙሉ አወራችኝ። ከዚያ ማንም አልመጣም። ሆቴሉ እንግዶቹን በራሱ አውቶቡስ ጭኖ ጀልባዎቹ ወደሚቆሙበት ወደብ ይወስዳቸዋል፤ እዚያ ምግብ ቤቱ የጠረጴዛ ልብስና ሻማ አለው። ዳገቱን በእግሩ የሚወጣ ማን ነው?

እሱንስ እንችለው ነበር። ያላሰብነው ሐሙስን ነው።

ሰሌዳው ከተሰቀለ በኋላ በሁለተኛው ሐሙስ ቤቱ ግማሹ ባዶ ሆነ። በሦስተኛው ቾን መጣ፤ ግን አልተቀመጠም። በሩ ላይ ቆሞ አፍንጫውን ወደ ድስቱ አቀና።

«ዶኛ፣ ይሄ የዛሬው ነው የትናንቱ?»

«የአያትህ ነው። ና ተቀመጥ።»

«አይ፣ የምሬን ነው።»

ኦብዱሊያ ሳቋን አቆመች። እጁን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባችው። ገና ያልታጠበውን ሳፋ፣ መሬት ላይ የተበተነውን የበቆሎ ጫፍ፣ የአሳማውን አጥንት አሳየችው። «ይኸው! ትናንት ከዚህችው ከአበልጄ ጋር የለቀምነው ነው። ንገሪው እንጂ!»

«እኔ ራሴ ነቅዬዋለሁ ቾን» አልኩት።

«አምናችኋለሁ» አለ ቾን፣ ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ። ተቀምጦም በላ። ግን ሲበላ የምናውቀው ቾን አልነበረም፤ አንድ ቀልድ አልወጣውም። ሲነሳ እንዲህ አላት፦ «ዶኛ፣ ይጣፍጣል፤ አልዋሽዎትም። ግን ረቡዕም ድስት ጥደዋል። ሰው ምን እንደሚል ያውቃሉ። በየቀኑ ፖሶሌ ያለው ቤት የሐሙሱ የረቡዕ ትርፍ ነው ይላል። እኔም ስበላው እሱን ነው የማስበው። ምን ላድርግ?»

ሳህኑ ውስጥ ግማሹ ቀርቶ ነበር። ቾን ግማሽ ትቶ ሲሄድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ኦብዱሊያ በዚያው ዕለት ወንበር ላይ ወጥታ ሰሌዳውን አወረደችው፤ እኔ ከሥር ያዝኳት። ከዓርብ እስከ ረቡዕ በሯን ዘጋች። በሚቀጥለው ሐሙስ እንደ ድሮው ድስቱን ሞልታ ጣደች፣ በቆሎው እንደ አበባ ፈካላት፣ ሽንኩርቱን ከተፍኩ፣ በሩን ከፈትን። የባንክ ሠራተኞቹ ክራባታቸውን አላልተው በራችንን አልፈው ወረዱ፤ ከታች ጥግ ላይ ሌላ ሴት ከፍታ ነበር፣ ሐሙስ ብቻ። አንዷ ነርስ ከመንገድ ማዶ እጇን አውለበለበች። ኦብዱሊያ እጇን አላነሳችም።

«ይመለሳሉ» አልኳት፤ አምኜው ግን አይደለም።

«አይመለሱም አበልጄ። አንዴ የትናንት ነው የተባለ ድስት ታጥቦም አይጠራም። እኔም ብሆን ሌላ ቤት ነበር የምሄደው።»

ማታ ላይ ምግቡን ለጎረቤት አደልነው። እነሱም ሲቀበሉ ወደ ውስጡ እያዩ ነው። የወሩ መጨረሻ ላይ ኤፍሬን ቁልፉን ተቀበላት። ይቅርታ ጠየቃት፤ እሷም «አንተ ምን ታደርግ ልጄ» አለችው። ዛሬ እዚያ ቤት የዋና ልብስና የፀሐይ መነጽር ይሸጣል። አልጋዋን እኔ ቤት አመጣን፤ አልጋው ስለሚይዘው በሩ በደንብ አይከፈትም።

የሆቴላችን ወጥ ቤት ሰው ሲፈልግ ተናግሬ አስገባኋት። ሐሙስ ማታ ለእንግዶች የአገር ምግብ ይቀርባል፤ ፖሶሌም አለ። በቆሎው ፈክቶ ከታሸገ ጣሳ ነው የሚወጣው፤ የሚነቀል ጫፍ የለውም። ኦብዱሊያ ታሞቀዋለች፣ ከቧንቧው በላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ በተጻፈው ሰዓት ታወርደዋለች። እንግዶቹ ደስ ብሏቸው ይበላሉ።

ሐሙስ ሥራ ላይ ስለሆነች ዕረፍቷ ሰኞ ነው። በቅርቡ አንድ እሑድ ጥቂት በቆሎ ይዛ መጣች። ሳፋውን መሃላችን አድርገን እንደ ድሮው ጫፍ ጫፉን ነቀልን። ሰኞ ጠዋት በትንሿ ድስት ጣደችው፣ ጨውን መጨረሻ ላይ ጨመረች፣ በቆሎው ፈካ። ለልጆቹ ቀዳች፣ ለኔ ቀዳች። ልጆቹ እየተሻሙ በሉ። እኔም በላሁ፤ ያው የእሷ እጅ ነው፣ ምንም አልጎደለውም።

እሷ አንድ ማንኪያ ቀመሰችና ሳህኑን ወደ ትልቋ ልጄ ገፋችው።

«ምነው አበልጄ?» አልኳት።

«የሐሙስ ትርፍ ይመስላል» አለች።

እንግዶቹ አሁንም ምግብ የት እንብላ ይሉኛል። ወደቡ ጋ ጥሩ ቤት አለ እላቸዋለሁ፤ አውቶቡሱ ከበር ይነሳል።