በአጎቴ አፍ የተነገረው ሕመሜ

ድምፄ ከሹክሹክታ በቀር አልወጣ ካለኝ ሰነባበተ። ጉሮሮሽ ደህና ነው ያለኝ ሐኪም ወልቂጤ ወደሚገኝ የሥነ ልቦና ባለሙያ ላከኝ። አጎቴ ጋሽ ሽፋ ከቡታጅራ ተከትለውኝ መጡ። በእኛ ዘንድ ሰው ጉዳዩን ለብቻው ይዞ አይቀርብማ! ሽማግሌ መጥቶ ለትዳር ሲጠይቀኝም «እሺ ብላለች» ያሉት እሳቸው ናቸው።

ባለሙያው ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ልጅ ነው። «ምን ይሰማሻል?» ሲለኝ አጎቴ «ይከፋታል» አሉ። «እንቅልፍስ?» «የላትም!» ልጁ ዓይኑን ከእሳቸው ሳይነቅል፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው የመፍራት ችግር እንዳለብኝ አበሰረን። «ጋሼ ባይኖሩ እንዴት እንረዳት ነበር!» ብሎም አመሰገናቸው። እኔን ማየት ምን ያደርግለታል? መጽሐፍ ላይ አውቆኛል።

ጥግ ተቀምጣ ስታየን የቆየችው ሸበቶዋ የልጁ አለቃ ጠጋ አለችኝ።

«ጠዋት ምን ጠጣሽ?»

«ሻይ» አሉ አጎቴ።

«ይጣፍጥ ነበር?»

«በጣም!»

ሴትየዋ ወደ እሳቸው ዞረች። «የፊታችን ማክሰኞ ቀጠሮው የእርስዎ ነው። ብቻዎን ይመጣሉ?»

አጎቴ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ ፍለጋ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይመጣሉ!» አልኩ እኔ፣ ኮሪደሩ ድረስ በሚሰማ ድምፅ።