ከክቡ ማንም አልተነሳም

አክስቴ ሂልየ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው መስኮት ስታጥብ ኖራለች። ሰው ማስቸገር ሞቷ ነው። አንድ ጊዜ ክንዷ ተሰብሮ ሐኪም ቤት የሄደችው በብስክሌት ነው፤ በአንድ እጇ እየነዳች።

ስልሳ አንደኛ ልደቷ እሑድ ከሰዓት ነበር። እንደ ልማዳችን ወንበሮቹን ክብ አድርገን ደረደርን። የሚገባው ሁሉ የእያንዳንዳችንን እጅ እየጨበጠ እንኳን ደስ ያላችሁ ይላል፤ ባለልደቷን ብቻ ሳይሆን ወንድሟንም፣ እኔንም። ከዚያ ለሰው አንድ ቁራጭ ኬክ። አንዴ ከተቀመጡ መነሳት ነውር ነው።

ኬኩን ስታድል ፊቷ አመድ መስሏል። ክፍሉ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። መንጋጋዋን ታሻለች። ከሦስት ቀን ጀምሮ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ እንደሚያጥራት፣ ግራ ትከሻዋም ድንጋይ የተሸከመች ያህል እንደሚከብዳት እየሳቀች ነገረችን። አንዷ እንግዳ "ጥርስሽ ነው" አለቻት። እኔ ልቧ እንዳይሆን አልኩ። ወንድሟ ውቦ ክሬሙን ከጢሙ ላይ እየላሰ፣ የልብ ሕመም ማለት ደረቱን ይዞ የሚወድቅ ወንድ ነው ብሎ ፈረደ።

"አክስቴ፣ አምቡላንስ ልጥራ?" አልኳት።

"እንግዳ ፊት? ነገ ለሐኪሙ እደውላለሁ፤ አታሳፍረኝ።"

"ቁጭ በል አንተ። መጽሐፍ ያገላበጠ ሁሉ ሐኪም ሆነ እንዴ?" አለ ውቦ።

ሳቁ። እኔም ተቀመጥኩ፤ ሃያ ደቂቃ። እስከ ዛሬ ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ ስታስመልስ ሁላችንም ሰማን። ክቡ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማላመጡን ቀጠለ። ተነስቼ ወደ ድንገተኛ አደጋ መጥሪያው፣ ወደ 112 ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት አምቡላንስ መነሳቱን ነገረችኝ፤ በመኪና ራሳችን እንዳንወስዳት፣ የውጭውን በር እንድከፍት አዘዘችኝ። በሩን ከፍቼ ስመለስ አክስቴ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተዘርግታለች። አልፎ አልፎ እንደ ማንኮራፋት ያለ ድምፅ ታወጣለች። ሴትዮዋ ይህ መተንፈስ አይደለም፣ የደረቷን መሃል በሁለት እጅህ በኃይልና በፍጥነት ተጫን፣ አታቁም አለችኝ። ተጫንኩ።

ሲኮ ጎረቤታችን ነው፤ በአጥር ጉዳይ ስለተኳረፍን አልተጠራም። በአቅራቢያው የሰው ልብ ሲቆም ደርሶ ለመርዳት በፈቃዱ የተመዘገበ ስለሆነ የ112 መልእክት ስልኩ ላይ ደርሶት፣ የመንደሩን በኤሌክትሪክ ልብ የሚያስነሳ መሣሪያ አንጠልጥሎ እየሮጠ ገባ። ክቡን አቋርጦ ሲያልፍ ውቦ ከወንበሩ ሳይነሳ እጁን ዘረጋለት።

"እንኳን ደስ ያለህ፣ ለጎረቤትህ ልደት።"

ሲኮም ያው የእኛው ሰው ነውና ቆም ብሎ ጨበጠው።

መሣሪያው ሁለተኛ ጊዜ ሲመታት ልቧ ተመለሰ። ሐኪሙ በኋላ እንደነገረን፣ ሕመሙ በጀመራት ዕለት ብትመጣ ኖሮ የልቧ ጡንቻ ያን ያህል ባልተጎዳ ነበር። ከእንግዲህ መሰላል ላይ አትወጣም።

በሦስተኛው ቀን ሐኪም ቤት ልጠይቃት ሄድኩ።

"ኬኩ ለሁሉም ደረሰ?" አለችኝ።

አምቡላንሱ ሲወስዳት እንግዶቹ የእኔን ድርሻ ሳይቀር ተካፍለውት ነበር።

"ደረሰ" አልኳት።

"ጎሽ" አለችና ዓይኗን ጨፈነች።