ዝም ያለውን ጋላቢ ፍለጋ፦ ከሐይቅ እስከ አምባሰል

ቅዳሜ፣ ጠዋት 12፡40፣ ደሴ

ከደሴ መናኸሪያ የተነሳሁት የሁለት ጋላቢዎችን ድምፅ ቀድቼ ለመመለስ ነው። በስልኬ በከፈትኩት ገጽ ላይ የወሎ ፈረሰኞችን እያነጋገርኩ እጭናለሁ። ጋዜጠኝነት አልተማርኩም። ማይክ መያዙንም ድምፅ መቁረጡንም በራሴ ሞክሬ፣ ተሳስቼ የለመድኩት ነው። በተፈጥሮዬ ዝምተኛ ስለሆንኩ የምናገረውን ቀድሜ ደብተር ላይ እጽፋለሁ።

ጉዞውን ያመጣው ጀማል ነው። ጀማል የሐይቅ ልጅ ነው፤ ሳውዲ ዘጠኝ ዓመት ሠርቶ ተመልሶ የሕንጻ መሣሪያ ሱቅ ከፍቷል። አንድ ዳማ ፈረስ አለው። ገና ውርንጭላ ሳለ ከሳውዲ ሆኖ በስልክ አስገዛውና አምባሰል ውስጥ ለሚኖር ይመር ለሚባል ጋላቢ አደራ ሰጠው። ያሳደገውም የገራውም ይመር ነው። አሁን ሐይቅ ሜዳ ላይ ለሚደረገው የፈረስ ውድድር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጀማል ልቡ ሸፈተ።

«ይመር ይጋልባል፣ እሱን አልካድኩም» አለኝ በስልክ። «ግን ካሜራ ሲያይ እንደ ጅብራ ይገተራል። አሸንፎ እንኳን ደስ ያለህ ሲሉት ‹እ› ነው የሚለው። የኛው እንድሪስ ግን አፉን ሲከፍት ሰው ይሰበሰባል። ዘመኑ የአፍ ነው ወንድሜ። ሁለቱንም ቅዳልኝ። ይመር እንደ ሰው ከተናገረ ፈረሱ እሱ ጋ ይቆያል። ካልተናገረ ሰኞ መኪና ልኬ አስመጣዋለሁ፤ እንድሪስ ይቀመጥበታል።»

የመሳፈሪያ ልላክልህ ሲለኝ አይሆንም አልኩት። ራሱ ሄዶ ማየት ሲችል ለምን እኔን እንደላከ አልገባኝም፤ ያልገባኝን ሰው ገንዘብ አልቀበልም።

የሚኒባሱ ታሪፍ ሰማንያ ብር ነው። ረዳቱ መቶ ጠየቀ። ለምን ስለው «የነዳጅ ሰልፍ ሂሳብ ነው» አለኝ። ከፈልኩ። ኬላው ላይ ፈታሹ ማይኬን አገላብጦ አየና «ምን ታደርግበታለህ?» አለኝ።

«ጋላቢ አነጋግርበታለሁ።»

«ፈረሱንስ ማን ያነጋግረዋል?» አለና መለሰልኝ። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ ግን እየቀለደ ይሁን እየጠረጠረኝ አልለየሁም።

3፡00፣ ሐይቅ

እንድሪስን ያገኘሁት ሐይቁ ዳር ካለች ዓሣ ቤት ነው። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ጫማው ላይ ጭቃ የለም። ከመቀመጤ በፊት ቆሮሶ ጥብስ አዞልኝ ነበር። የራሴን እከፍላለሁ ስለው «አቦ፣ እንግዳ አይደለህ?» ብሎ ትከሻዬን መታ። ዓሣው ትኩስ ነበር፤ ሎሚና ሚጥሚጣ ቀርቦለታል። መቶ ሃምሳ ብር ነው፤ ደብቄ ከፈልኩ።

ማይኩን ስከፍት ፊቱ በራ። ጥያቄዬን ሳልጨርስ ይመልሳል። ፈረስ ለእሱ ወንድም ነው፤ ደጋፊ ለእሱ እናት ነው። አንድ ቦታ ላይ በደንብ አልሳቅኩም ብሎ ሳቁን በድጋሚ አስቀዳኝ። ሁለተኛው ሳቅ ከመጀመሪያው ይሻል ነበር፤ ይህ ራሱ አላማረኝም።

«ፈረስህ ሲታጠፍ ወደ የትኛው ጎን ያደላል?» አልኩት።

«ወደ ድል» አለና ጠረጴዛውን መታ። ጎን የተቀመጡት አጨበጨቡለት።

ባለፈው ውድድር የራሱ ፈረስ ለምን እንደቀረ ስጠይቀው እረፍት ሰጥቼው ነው አለኝ። እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ ተሰናበተኝ። እሱ ከሄደ በኋላ፣ ደጅ ቆሮሶ እየፋቁ የነበሩት ዓሣ ሻጩ ጋሽ ሙሄ ቢላዋቸውን ሳያስቀምጡ ተናገሩ።

«እረፍት ነው አለህ?»

«አዎ።»

«አልዋሸህም። ገጣባ እኮ ነው ያደረገው። ጀርባው የመዳፌን ያህል ተልጧል። ኮርቻ ሲያነሱለት እረፍት ነው።»

«በዓይንዎ አይተዋል ጋሽ ሙሄ?»

«ሊያጥበው እዚህ ሲያመጣው ማን ያየዋል ታዲያ፣ ዓሣው?»

ደብተሬ ላይ «ኮርቻ የመታው ፈረስ» ብዬ ጻፍኩ፤ አጠገቡ ደግሞ «ያልተረጋገጠ» አልኩበት። ጋሽ ሙሄ የማን ወገን እንደሆኑ አላውቅምና።

10፡00፣ ከውጫሌ በላይ

ከሐይቅ ውጫሌ ሌላ ሚኒባስ፣ ሌላ መቶ ብር። የውጫሌ ገበያ ቀን ስላልነበረ መንገዱ ክፍት ነው። ከዚያ አስፋልቱን ትቶ ወደ ተራራው በሚወጣው ኮረኮንች ላይ ባጃጅ ያዝኩ። ሹፌሩ የይመርን ስም ስነግረው «እሱ? ሰላምታውም በልክ ነው» አለኝ። ጅረቱ ጋ አውርዶኝ ተመለሰ። ቀሪውን አንድ ሰዓት ከሩብ በእግሬ ወጣሁ። ማሽላው ታጭዷል፤ አገዳው በየማሳው ተከምሯል። መንገዱ ላይ ያለው ድንጋይ ስለታም ነው። ፈረስ እዚህ ላይ እንዴት ይሮጣል ብዬ አሰብኩ፤ ይህንንም ጻፍኩት።

ይመር ደጁ ላይ ቆሞ ፈረሱን በጭድ እያሸ ነበር። አርባ ሊሞላው የቀረበ፣ ቀጭን፣ ጋቢ በትከሻው የጣለ ሰው ነው። ሰላም አልኩት፤ ራሱን ነቀነቀ። ጀማል ልኮኝ እንደመጣሁ ነገርኩት፤ አሁንም ነቀነቀ። ያኔ ማይኩን ከፈትኩና ደሴ ላይ የጻፍኩትን መግቢያ አነበብኩ፦ «ነፋስ የማይቀድመው፣ እንደ እሳት የሚያበራ፣ አምባሰል ያፈራችው ዳማ ፈረስ ፊት ቆሜያለሁ።»

ይመር አየኝ። ጋቢውን ከትከሻው አንስቶ ፈረሱ ላይ ጣለና ጎትቶ ከቤቱ ኋላ ወሰደው። ፈረሱ ሲዞር ግራ የፊት እግሩን እንደ ፈራ ሰው ቀስ አድርጎ ሲያሳርፍ አየሁ። «ግራ ፊት እግር። ይደብቃል» ብዬ ጻፍኩ።

ተመልሶ መጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ቃለ ምልልሱ ይህን ይመስል ነበር።

«ፈረሱ እንዴት ነው?»

«አለ።»

«ለውድድሩ ተዘጋጅታችኋል?»

«ይታያል።»

«ለደጋፊዎችህ ምን ትላለህ?»

«ሰላም ይሁኑ።»

«ግራ እግሩን…» ስል ከተቀመጠበት ተነሳ። «ከብት ላጠጣ» ብሎ ሄደ። የቀዳሁት አርባ አንድ ሰከንድ ብቻ ነው።

ሚስቱ ፋጡማ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ሳቀች።

«አትቀየመው ወንድማለም። እኔን ሲያጨኝም እንዲሁ ነበር። ሽማግሌዎቹ ናቸው የተናገሩለት።»

«ፈረሱን ለምን ደበቀኝ?»

«አንተስ ምን አድርገህ ነው? ማሻአላህ የለ፣ ምን የለ፣ ከደጅ ቆመህ ውዳሴውን ታወርድበታለህ። የሰው ከብት እንዲያ ይታያል?»

በእኛ አገር ክርስቲያኑም እስላሙም የሰው ከብት ሲያይ ማሻአላህ ሳይል አያልፍም። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ እላለሁ። አላልኩም ብዬ አላመንኩም። የቀዳሁትን ሦስት ጊዜ ሰማሁት። አላልኩም። ደብተሬ ላይ ስላልጻፍኩት ከአፌም አልወጣም። ማይክ ስከፍት የማነበውን እንጂ የማየውን አልናገርም ማለት ነው።

ሆኖም ጥርጣሬዬ አልለቀቀኝም። ጋቢው ከዓይን ለመከለል ነው፤ እግሩስ? ያን ምሽት የማሽላ ቂጣ በእርጎ አቀረቡልኝና መደብ ላይ አስተኙኝ።

እሁድ፣ ጠዋት 12፡30

ይመር ፈረሱን ውኃ ሊያጠጣ ሲወጣ ተከተልኩት። ማይኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ፈረሱ አጠገብ ስደርስ «ማሻአላህ» አልኩ። ይመር ወደ እኔ ሳይዞር ተናገረ።

«ትላንት ሳታየው ነው ያመሰገንከው። ምስጋናውን ከደሴ ይዘኸው መጣህ። ዓይንህ ወረቀቱ ላይ ነበር።»

ጅረቱ ጋ ስንደርስ ቁጢጥ ብሎ የፈረሱን ግራ እግር አነሳና ጉልበቱ ላይ አስደገፈው። ሰኮናው ከታች ጠርዙ ጀምሮ ወደ ላይ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ የግማሽ ክብሪት እንጨት ርዝመት አለው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሳምንት አለፈው።»

«ለጀማል ለምን አልነገርከውም?»

«ደወልኩለት። በቪዲዮ ይደውላል እሱ። እግሩን ላሳየው ስል ‹ፊትህን አሳየኝ፣ ሳቅ በል፣ ለካሜራ ተለማመድ› ይለኛል። ሁለት ቀን እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው አላነሳሁለትም።»

አንድ ነገር በልቤ መጣ፤ ለመናገርም አስፈራኝ፣ ለመተውም አልሆነልኝ። ፈረሱ ታሟል ከተባለ ከአምባሰል አይወሰድም። ይመር እንዳይወስዱበት ብሎ አጋንኖት ቢሆንስ? ፊቴ ላይ አንብቦት መሰለኝ።

«ጠርጥር» አለኝ። «ራስህ ንካው።»

አውራ ጣቴን እንዳሳየኝ ስንጥቁ አጠገብ ጫን አደረግኩ። ፈረሱ እግሩን ከይመር ጉልበት ላይ ነጠቀ። ከዚያ በእጄ ጀርባ ሁለቱን ሰኮናዎች ተራ በተራ ዳሰስኩ። ቀኙ ቀዝቃዛ ነው። ግራው ይሞቃል። ድጋሚ ዳሰስኩ፤ ያው ነው።

«አሁን ቅዳው» አለ ይመር።

«ከቀዳሁት ጀማል ተቆጥቶ ፈረሱን ይወስድብሃል።»

«ካልቀዳኸው ከነስንጥቁ ይሮጣል።»

ማይኩን ከፈትኩ። ይመር ፊቱን ወደ ፈረሱ አድርጎ ተናገረ። «ይመር እባላለሁ። ፈረሱ የጀማል ነው። ግራ የፊት ሰኮናው ተሰንጥቋል። ድንጋይ ላይ ያስሮጥኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ለዚህ ውድድር አይደርስም። እኔም ብቀመጥበት፣ ሌላም ቢቀመጥበት፣ ይሰበራል። በቃ።»

እንግዲህ ጥርጣሬዬ ግማሹ ልክ ነበር፤ የሚደብቀው ነገር ነበረው። ስሄድ ፋጡማ ቂጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ይመር «ደህና ግባ» አለኝ፤ ያ ከእሱ አፍ ብዙ ነው።

7፡20፣ ሐይቅ

ጀማል ሱቁ ውስጥ፣ በቆርቆሮና በቀለም ጣሳ መሃል ተቀምጧል። እንድሪስም እዚያው ነበር። ቀጠሮ አልያዝንም፤ እንዴት እንደመጣ አልጠየቅኩም፤ ልብ ግን አልኩ። ድምፁን ከፈትኩላቸው።

ሲያልቅ ጀማል ፊቱ ጠቆረ። «ፈረሴን ሰብሮ ነዋ ሲሸሸኝ የከረመው» አለ። «አላልኳችሁም? ዝምተኛ ሰው ነገር አለው።»

እንድሪስ ፈገግ ብሎ እጁን ጀማል ትከሻ ላይ አሳረፈ። «አብሽር ጀማል። ሰኮና ምን አላት? ነገ አስመጣው፣ ቅባት እቀባዋለሁ፣ አሸዋለሁ። በውድድሩ ቀን ሜዳው ላይ ታየዋለህ። ወላሂ ለፎቶው ራሱ ሌላ ሸሚዝ ገዝቻለሁ።»

ጀማል ሳያስበው ሳቀ። ስልኩን አነሳና የጭነት መኪና ሹፌሩን ስም ይፈልግ ጀመር።

ሰው ፊት ሳልጽፍ አልናገርም። ያን ጊዜ ግን የሚነበብ ነገር አልነበረኝም። «እንድሪስ» አልኩ፣ «የትኛው እግሩ ነው?»

«የቱ?»

«የተሰነጠቀው።»

ሳቀ። «ፈረስ አራት እግር አለው ወንድሜ። ካራቱ አንዱ ነዋ።»

የሳቀለት ሰው አልነበረም። ጀማል ወደ እኔ ዞረ፤ አፉን ከፈተና ዘጋው። የትኛው እግር እንደሆነ እሱም እንዳልያዘው ያኔ ገባኝ። ስልኬን ከእጄ ወስዶ ድምፁን እንደገና ከመጀመሪያው አጫወተው። «ግራ የፊት» የሚለው ላይ ሲደርስ አቆመው።

የሹፌሩን ስም ትቶ ለይመር በቪዲዮ ደወለ። ለረጅም ጊዜ ጠራ። ሊቋረጥ ሲል ይመር አነሳ፤ እንደ ልማዱ ግማሽ ፊቱና ሰማይ ነበር የሚታየው።

«እ» አለ ይመር።

«ፊትህን ተወው» አለ ጀማል። «እግሩን አሳየኝ።»

ምስሉ ተናወጠ፤ ሳር ታየ፣ ድንጋይ ታየ፣ ከዚያ ሰኮናው ታየ። ይመር መናገር ጀመረ። መቼ እንደተሰነጠቀ፣ ምን እንዳደረገለት፣ ስንት ሳምንት መቆም እንዳለበት፣ ስንጥቁን በምን እንደሚያጥብ ተናገረ። እስከዚያ ቀን የተናገረው ሁሉ ቢደመር ያንን አያህልም። አልቀዳሁትም። እንድሪስ በመሃል ሰዓቱን አየና «ሰላም ሁኑ» ብሎ ወጣ፤ የእኔን እጅ ግን አልጨበጠም።

ጀማል ሲዘጋ «ዳማው እዚያው ይቆይ፤ ለውድድሩም አይገባም» አለ። ቀጥሎም «ሳውዲ የሠራሁለት ሰውዬ እንደ እንድሪስ ነበር፣ ሳቂታ፤ ደሞዝ ስጠይቀው ግን የለም። እንዴት ረሳሁት?» አለ። ለእኔ ሳይሆን ለቀለም ጣሳዎቹ የነገራቸው ይመስል ነበር።

11፡00፣ ደሴ

ለመመለሻው ረዳቱ ሰማንያ ብቻ ሲቀበለኝ ገርሞኝ ሁለቴ ቆጠርኩ።

ታላቅ ጋላቢ ለማይክ ፊቱ ፈታ ያለ መሆን አለበት ወይ? ቢሆን ደስ ይላል፤ ሰው ደክሞ ሄዶ «እ» ሲባል አይወድም፣ እኔም አልወደድኩም። ይመርም ለጀማል በቃል አስረግጦ ቢነግረው ኖሮ ሳምንት ሙሉ ባልተሸሸገ። ግን ስለ ፈረሱ እግር የሚመልስልኝን አኩራፊ፣ ስለ ድል ከሚመልስልኝ ሳቂታ አስበልጣለሁ። ጥፋቱ ደግሞ የጋላቢዎቹ ብቻ አይደለም። ገጼ ላይ ብዙ ሰው የሰማቸውን የቆዩ ቃለ ምልልሶች መለስ ብዬ አዳመጥኩ። በአንዱም ውስጥ ስለ ሰኮና አልጠየቅኩም።

ደብተሬ ላይ ለሚቀጥሉት ፈረሶች ጽፌ ያስቀመጥኳቸውን አራት መግቢያዎች ሰረዝኩ። የይመርን ድምፅ ምንም ሳልቆርጥ፣ ምንም ሳልጨምር ጫንኩት። የሰማው ጥቂት ሰው ነው። አንዱ «ይሄ ጋላቢ ነው ወይስ ቀብር ላይ ያለ ሰው?» ብሎ ጻፈ። ሌላው፣ ስሙን የማላውቀው፣ ቁጥሩ የዐረብ አገር የሆነ ሰው፣ በማግስቱ ጠዋት አንድ ጥያቄ ብቻ ላከልኝ፦

«እግሩ እንዴት አደረ?»