ከራሱ ወደ ራሱ የሚሄድ ኬብል

ጂንካ ውስጥ እስከ ዛሬ በሙያዬ የምኖረው በአንዲት ሴት ምክንያት ነው። ይህን ሳልጽፈው ብዙ ዓመት አለፈ። ስንፍና አይደለም፣ ሐፍረት ነው። አሁን ግን ሐፍረቱ ቀለል ብሎ ምስጋናው ስለበረታብኝ ልንገራችሁ።

ዲፕሎማዬን ይዤ እንደወጣሁ ጂንካ ከተማ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት በኮምፒውተር ባለሙያነት ተቀጠርኩ፤ ለስድስት ወር በሙከራ። ያደግኩት ካኮ ነው። ወላጆቼ እዚያ ትንሽ ሱቅ ስለነበራቸው ከባንኮኒ ኋላ ቆሜ ጨውና ስኳር ስመዝን ነው ከፍ ያልኩት። የኮምፒውተር እውቀቴ ጽሑፍ ከመጻፍና ቫይረስ ከማጽዳት ብዙም አያልፍም ነበር። ኃላፊው ገና በመጀመሪያው ሳምንት ጠርተውኝ «ኔትወርክ መዘርጋት ትችያለሽ?» ቢሉኝ «እችላለሁ» አልኩ፣ አፌን ሞልቼ። ምን ልበላችሁ፣ ያኔ «አላውቅም» ማለት ከሥራ የሚያስባርር ይመስለኝ ነበር።

ችግሩ የታወቀ ነው። በመሥሪያ ቤቱ የሚሠራው ፕሪንተር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ጸሐፊዋ ክፍል። ሰው ሁሉ ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ እዚያ ይሰለፋል። ከጽሑፉ ጋር ቫይረሱም ይመጣና የእኔ ሥራ ከጠዋት እስከ ማታ እሱን ማጽዳት ሆነ። ስለዚህ ኮምፒውተሮቹን በኬብል የምታገናኝ ስዊች ታዛ መጣች። ጎን ለጎን ከተቀመጡ ሁለት ሳሙናዎች የማትበልጥ፣ ስምንት ቀዳዳ ያላት፣ ከየቀዳዳው በላይ ትንሽ አረንጓዴ መብራት ያለባት ሳጥን ናት። አብረዋት ጫፍና ጫፋቸው የተሠራላቸው ሰባት ኬብሎች መጡ። ሁሉንም ከንብረት ክፍል በሞዴል ሃያ ሁለት ፈርሜ ተረከብኩ። በሞዴል ሃያ ሁለት የፈረመ ሰው እንቅልፍ እንደሌለው የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል። አንዲት ዕቃ ብትጠፋ ፊርማዬ ነው የሚጠራው።

ሰው ሁሉ ሥራ አለኝ ብሎ ሲሸሸኝ ኬብሉን ከእኔ ጋር የጎተተችው የመሥሪያ ቤቱ ተላላኪ ነበረች። እትዬ ነበር የምንላት። ዕድሜዋ ለአንቱታ ቢደርስም «አንቱ ስትይኝ እንግዳ የሆንኩ ይመስለኛል» ብላ ከልክላኛለች። ከጂንካ ከፍ ብሎ ባለ የአሪ መንደር ተወልዳ፣ አማርኛን አድጋ ከተማ ስትገባ ነው የለመደችው፤ ስትናገር ቃሉን መርጣ፣ ረጋ ብላ ነበር። የደብዳቤ መላኪያ ደብተሯን ብብቷ ሥር ይዛ ከክፍል ክፍል ስትዞር ትውላለች። ጠዋት ክፍሎቹን የምትከፍተውና የምትጠርገውም እሷ ስለሆነች ቁልፉ ሁሉ እሷ ጋ ነው። ባሏ ከሞተ በኋላ ቤቷን ብቻዋን ታስተዳድራለች፤ ለጡረታዋ የቀራት ሁለት ዓመት ነበር።

የትኛው ግድግዳ ቀዳዳ እንዳለው፣ የትኛው ኮርኒስ ሰው እንደማይችል ነገረችኝ። ስዊቿን እኔ በምቀመጥበት መዝገብ ቤት ውስጥ ከፋይሎቹ በላይ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥን። ወንበር ላይ ቆሜ ኬብሎቹን ስሰካ እሷ ከታች ሆና፣ «ይቺ ሳጥን የማን ወረቀት የት ክፍል እንደሚሄድ በምን ታውቃለች?» አለችኝ።

«ታውቃለች በቃ፣ ስሪቷ ነው» አልኳት። እኔ ራሴ ባላውቅ ምን ልበል?

ሳቀች። «እኔ ስቀጠር ማንበብ አልችልም ነበር። ደብዳቤ ሲሰጡኝ በር በሩን እየዞርኩ የማን ነው እላለሁ። ግን አንድ ሰው ከክፍሉ ጠርቶ ደብዳቤ ላኪልኝ ሲለኝ እዚህ የሚቀመጠው እሱ ነው ብዬ እይዛለሁ። ከዚያ በኋላ ለእሱ ሲመጣ አልጠይቅም፣ ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ።»

እኔ የወደቀብኝን ሚስማር እየፈለግኩ በግማሽ ጆሮ ነበር የሰማኋት። ከዓመታት በኋላ ሥልጠና ገብቼ አሠልጣኙ ስዊች እንዴት እንደሚሠራ በሰሌዳ ላይ ሲያስረዳ፣ ያለችው ነገር አንድ በአንድ ሲመጣ ደብተሬ ላይ መጻፍ አቅቶኝ ቁጭ አልኩ። ስዊችም እንደዚሁ ናት። መጀመሪያ የማታውቀውን ለሁሉም በር ታዳርሳለች፣ ከየትኛው በር ማን እንደላከ እያየች ትይዛለች፣ ከዚያ ለባለቤቱ ብቻ ታደርሳለች። ማንበብ ሳትችል የተቀጠረች ሴት ኮሌጅ ያላስተማረኝን አስተምራኝ ነበር።

ስድስቱ ክፍሎች ተገናኙ፤ ፕሪንተሩ ከየክፍሉ በታዘዘው መሠረት ያትም ጀመር። ሰው አመሰገነኝ፣ እኔም ደረቴን ነፋሁ። በዚያው ሳምንት ስብሰባ ላይ ኃላፊው እየሳቁ፣ «እንግዲህ ደብዳቤው በዚህ ከሄደ የተላላኪ መደብ ሊታጠፍ ነው» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እትዬ ደብተሯን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ እሷ አልሳቀችም።

ዓርብ ከሥራ መውጫ ላይ፣ ኮምፒውተሩ ሁሉ ከተዘጋ በኋላ፣ የተረፈችው ሰባተኛዋ ኬብል ሐሳብ ሆነችብኝ። መሬት ላይ ብትተው ሰው ይወስዳታል። ንብረት ክፍል ልመልሳት ብል የንብረት ክፍሉ ሰው ለሥራ አልዱባ ወርዶ አልተመለሰም። ስለዚህ አንድ ብልሃት መጣልኝ፤ ብልሃት ካሉት። ጠቅልዬ ከስዊቿ ኋላ አደረግኳትና አንዱን ጫፏን ባዶው ሰባተኛ ቀዳዳ ላይ፣ ሌላውን ስምንተኛው ላይ ሰካሁት። ተሰክታ ያለች ኬብል ሥራ ላይ ያለች ስለምትመስል ማንም አይነካትም። ከራሱ ወደ ራሱ የሚሄድ ኬብል ደግሞ ማንን ይጎዳል ብዬ ቤቴ ሄድኩ።

ሰኞ ጠዋት ጉድ ፈላ። ፕሪንተሩ አያትምም፣ አንዱ ኮምፒውተር ሌላውን አያየውም። ስዊቿን አጥፍቼ ሳበራት ለአፍታ ትሠራና ትሞታለች። ማክሰኞም እንደዚያው። ለክልል የሚላክ ሪፖርት ስለነበረ ኃላፊው በየሰዓቱ ያስጠሩኛል። እኔ ስናደድ ነገር አመዛዝኜ አላውቅም፤ ዛሬም ጠባዬ ይኸው ነው። ዓርብ ሲሠራ የነበረ ነገር ሰኞ በራሱ አይበላሽም አልኩ። ክፍሉን የከፈተው ማነው? መደቧ ሊታጠፍ ነው የተባለችው ማናት? ደሜ ፈላና ኃላፊው ፊት ቆሜ፣ «ቁልፉ ያለው እትዬ ጋ ብቻ ነው፣ ከእሷ በቀር የሚነካው ሰው የለም» አልኩ። አላየሁም፣ አልጠየቅኋትም። እንዲሁ አፌ ላይ መጣልኝና ተናገርኩት።

ረቡዕ ጠዋት እትዬ መዝገብ ቤት መጣች። ደብተሯን ከፍታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና «ፈርሚ» አለችኝ፣ እንደ ሁልጊዜው። ፈርሜ ደብዳቤውን ተቀበልኩ። ስከፍተው የመሥሪያ ቤቱ ተላላኪ በንብረት ላይ ሆን ብላ ጉዳት በማድረስ ስለተጠረጠረች ከሥራ ታግዳ ጉዳይዋ በዲሲፕሊን ይታይ ይላል። ዋናው ለሰው ኃይል ነው። ከሥር ግልባጭ ተብሎ የእኔ የሥራ መደብ ተጽፏል። የራሷን እግድ ለራሷ ሰጥተው አድርሺ ብለዋታል። ዋናው ደብዳቤ ገና እጇ ላይ ነበር።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ማንበብ እንደሆነ ከለመደች ቆይታለች፤ ምን እንደያዘች ታውቃለች።

«እትዬ» አልኩ።

እሷ እኔን አላየችም፤ መደርደሪያው ላይ ያለችውን ስዊች ነበር የምታየው። «ጠዋት ስጠርግ አያታለሁ» አለች። «በፊት ጸሐፊዋ ስትሠራ የጸሐፊዋ መብራት ብልጭ ይላል፣ ሒሳብ ክፍል ሲሠራ የሒሳብ ክፍሉ። አሁን ሁሉም አንድ ላይ ይንቀጠቀጣል። እነዚህ ጫፍ ላይ ያሉት ሁለቱ ደግሞ የማን ክፍል ናቸው? እኔ የማውቀው ስድስት ክፍል ነው።»

ሰባተኛውና ስምንተኛው ነበሩ። የማንም ክፍል አልነበሩም፤ የእኔ ኬብል ነበረች። ወንበር ላይ ወጥቼ አንዱን ጫፍ ነቀልኩት። መንቀጥቀጡ ወዲያው ቆመ፤ መብራቶቹ አንድ አንድ እያሉ ተራ በተራ ብልጭ ይሉ ጀመር። ከጎን ክፍል ፕሪንተሩ ሁለት ቀን የታሰረበትን ወረቀት ሲያወጣ ተሰማ።

በዚያች ሰዓት የገባኝ ጥፋቱ የኬብሏ መሆኑ ብቻ ነው፤ እንዴት እንደሆነ የተረዳሁት በኋላ ሥልጠናው ላይ ነው። አንዳንድ መልእክት ለሁሉም ክፍል ግልባጭ እንደሚል ደብዳቤ ነው፤ ሳጥኗ በሁሉም በር ታወጣዋለች። እኔ ሁለቱን በሮች በአንድ ኬብል ስላጋጠምኳቸው በሰባተኛው የወጣው በስምንተኛው ይመለሳል። ሳጥኗ ደግሞ አዲስ ደብዳቤ መጣ ብላ እንደገና ለሁሉም ታባዛዋለች፣ ያም ይዞራል፣ ደግሞ ይባዛል። የሰው ሥራ የሚያልፍበት ቦታ እስኪያጣ ድረስ እንዲህ ስትዞር ሁለት ቀን ከረመች። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ያውም ዕቃ እንዳይጠፋብኝ ብዬ።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ» አልኳት። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ለኃላፊው የነገርኳቸውም እኔ ነኝ።»

«ሰምቻለሁ» አለች።

«ደብዳቤውን ለሰው ኃይል እንዳትሰጪ። እዚህ ይቆይ፣ አሁኑኑ ሄጄ ልንገራቸው።» ሰው ኃይል አንዴ ከተቀበለውና መዝገብ ላይ ካሰፈረው የዲሲፕሊን ፋይል ይከፈታል። ያ ፋይል ንጹሕ ናት ተብሎ ቢዘጋ እንኳ ጡረታዋ ድረስ ይከተላታል። ሁለታችንም ይህን እናውቃለን።

ደብተሯን ዘጋች። «ተይ የኔ ልጅ። እስከ ዛሬ ደብዳቤ እጄ ላይ አስቀርቼ አላውቅም። በራሴ ደብዳቤ አልጀምርም። አድርሺ ተብያለሁ፣ አደርሳለሁ።»

«እትዬ፣ እባክሽ!»

«አንቺ ሂጂ» አለችና ወጣች።

የኃላፊው ክፍል በግቢው ላይኛው ጫፍ፣ ሰው ኃይል በታችኛው ነው። ሮጥኩ። ጸሐፊዋ ሰው አለ ብትለኝም በሩን ከፍቼ ገባሁ። ኬብሏን እንዴት እንደሰካሁ፣ ለምን እንደሰካሁ፣ ሳላውቅ አውቃለሁ ማለቴን ጭምር እየተንተባተብኩ ተናገርኩ። ኃላፊው እስክጨርስ ሰሙኝና «ሙከራ ላይ መሆንሽን ታውቂያለሽ?» አሉኝ። አውቃለሁ አልኩ፤ ይሄንን እንኳ በእውነት አውቅ ነበር። «ደብዳቤው አሁን የት ነው?» አሉ።

«እየሄደ ነው።»

ተነስተው ወጡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። በሐሳቤ እትዬ አድርሳ ተመልሳለች፤ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ መንገድ ነው። እሷ ግን ግቢው መሃል፣ ፀሐይ ላይ ነበረች። እየሄደች ነው። አንድ እግሯን ታነሳለች፣ ታሳርፋለች፣ ቆየት ብላ ሌላውን ታነሳለች። ቆመሻል እንዳትባል አልቆመችም።

ኃላፊው ደረሱባትና እጃቸውን ዘረጉ። ደብዳቤውን አልሰጠቻቸውም። መጀመሪያ ደብተሯን ከፈተች። «ለሰው ኃይል ነው የተባለው። መልሼ ወሰድኩ ብለው ይፈርሙልኝ» አለች። ኃላፊው ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ፈረሙ። ከዚያ ሰጠቻቸው፤ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። የተላላኪ መደብ ይታጠፋል የሚል ወሬም ጡረታዋን ወስዳ እስክትወጣ ድረስ ዳግመኛ አልተሰማም።

ወደ እኔ ዞር ብለው አዩኝ። «እሷንስ ምን ላድርጋት?» አሉ፤ የጠየቁት እኔን ሳይሆን እትዬን ነበር።

ቀና ብላ አየችኝ። በሐሰት ያማኋት፣ ያለጥፋቷ የወነጀልኳት ሴት በአንዲት ቃል ካኮ ልትመልሰኝ ትችል ነበር። ይቅርታ እንኳ ገና አልጠየቅኋትም።

«ትቆይ» አለች። «እሷ ሯጭ ናት። እኔ ይኸው ዛሬ እግሬን አሞኝ መንገዱ አላልቅ አለኝ።»

ከዚያ ደብተሯን ብብቷ ሥር አድርጋ፣ የሌላ ክፍል ደብዳቤ ልትቀበል ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች።